ስለ ጥርሱ፣ ስለ አህያዋና ሳይገነዝ ስለ ወጣው ተዝካር

የላይኛው የካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ የካቲት 19 ቀን 1956 ዓ.ም.

ቦታ፦ ሦስተኛ ክፍል። ጽሕፈት ቤቱ ስለማይበቃ አባላቱ በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

ሰዓት፦ ከጧቱ በ3 ሰዓት ተጠርቶ በ4 ሰዓት ከሩብ ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. ባላምባራስ ሣህሌ፣ ሰብሳቢ
2. መሪጌታ አካሉ፣ ከእንጦጦ የወረዱ የቅኔና የትርጓሜ መምህር
3. አቶ ጎበና፣ የመንግሥት ሠራተኛ (መሥሪያ ቤታቸው እንዳይጻፍ አሳስበዋል)
4. ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ በሾላ ገበያ የበርበሬ ነጋዴ
5. አቶ ፉፋ ኢቲቻ፣ ገበሬ፣ የአራት አህዮች ባለቤት
6. ዓለሙ፣ የሒሳብ መምህር፣ ጸሐፊ (ድምፅ አይሰጥም ተብሏል)

ያልተገኙ፦ አቶ ሂርጳ። ለቅሶ ስላለባቸው አልመጡም፤ ነገር ግን «ከሚወሰነው ሁሉ ጋር ተስማምቻለሁ» ብለው በሰው ስለላኩ በየድምፁ ይቆጠራሉ።

ተጠርተው የቀረቡ፦ ወይዘሪት ፈትለወርቅ፣ የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ። ወንበር አልተሰጣቸውም።

ከሰባቱ አባላት ስድስቱ በአካል፣ አንዱ በመስማማት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱ ተረጋገጠ።

አጀንዳ 1፦ ስብሰባው ለምን እንደተጠራ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጃቸው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ምሳ ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ብቻውን ሳቀ። ምን እንዳሳቀው ቢጠየቅ «ምንም» አለ። ቢቆነጠጥም ያንኑ ደገመ። ሰብሳቢው በስልሳ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው በምንም የሚስቅ ሰው እንዳልገጠማቸው ገልጸው፣ የልጁ ደብተር ቢፈተሽ በመካከሉ አንድ የፈረንጅ የሥዕል መጽሐፍ ተሸጉጦ መገኘቱን ለጉባኤው አሳውቀዋል። በዚህ ምክንያት የመጻሕፍት ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን በኪሳቸው ከያዙ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው።

ወይዘሪት ፈትለወርቅ እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። የሥዕል መጻሕፍቱ አርባ ሦስት መሆናቸውን፣ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ለትምህርት ቤቱ ትቷቸው መሄዱን፣ ልጆችን ለማሳቅ ከመሠራታቸው በስተቀር ሌላ ጥፋት እንደሌለባቸው ተናገሩ። እሳቸውም የየሥዕሉን ቃል በአማርኛ ጽፈው በየገጹ ስለሸጎጡ፣ ፊደል ሲያዩ ይሸሹ የነበሩ ልጆች ዛሬ ተሻምተው እንደሚያነቡ አስረዱ። አቶ ጎበና የተሸጎጡትን ወረቀቶች ለምርመራ መውሰዳቸውንና ተከሳሽ የጻፈችው ነገር ለተከሳሽ ምስክር ሊሆን እንደማይችል አሳሰቡ። ወይዘሪቷ መከሰሳቸውን የሰሙት በዚህ ጊዜ ነው።

ጸሐፊው የገዛ ልጁ ዲንቄ እስካለፈው ዓመት ድረስ ፊደል በቆጠረች ቁጥር ሆዷን ያማት እንደነበር፣ አሁን ግን እነዚህን መጻሕፍት ካላነበብኩ አልበላም እንደምትል፣ ክፍሉ ከተቆለፈ ወዲህም የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እያነበበች መሰንበቷን ተናገረ። ሰብሳቢው «ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም» ብለው ስለገሠጹት ይህ አንቀጽ አልተጻፈም።

አጀንዳ 2፦ በመጽሐፉ ውስጥ የተሰወረውን ነገር ስለ መመርመር

ከልጁ የተያዘው መጽሐፍ አሥራ አራተኛ ገጽ ተገልጦ ለመሪጌታ ቀረበ። ገጹ ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ስድስት ሥዕሎች አሉበት። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው፣ አማትበው፣ በብራና ልማድ የግራውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ከጨረሱ በኋላ ወደ ቀኙ ዓምድ ተሻገሩ። ንባባቸው እንደሚከተለው ተመዝግቧል።

ባለ ትልቅ ሪዝ የሆነ አንድ ወፍራም ሰው ጉንጩን በሻሽ አስሮ ያለቅሳል። ቀጥሎ ያው ሰውዬ ክንድና እግሩን ዘርግቶ በአየር ላይ ይበራል። ቀጥሎ ዘመድ ወዳጅ ትልቅ ዳቦ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ወደ ቀኙ ሲሻገሩ ሰውዬው በጥርሱ ከአንዲት አህያ ጋር በገመድ ታስሮ ይታያል። ከሥሩ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። በመጨረሻ ውሻ ዳቦውን ሲበላ ሰውዬው ድዱን አሳይቶ ይስቃል።

መሪጌታ ሲያጠቃልሉ ሰውዬው መታመሙን፣ ነፍሱ በአየር መውጣቷን፣ ተዝካሩ መደገሱን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ መታሰሩንና በመጨረሻ መገነዙን ገለጹ።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ተዝካር ከመግነዝ በፊት ይወጣል ወይ ብለው ጠየቁ። በክርስቲያን አገር አይወጣም ተባሉ። ወይዘሮዋ ልጆቻቸው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትክ ብለው እንደሚያዩአቸው፣ ለጤናቸው ያሰቡላቸው መስሏቸው ደስ ብሏቸው እንደነበር፣ አሁን ግን ሳይሞቱ ተዝካራቸውን እያሰቡ መሆኑ እንደገባቸው በእንባ ተናገሩ። ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ።

ስብሰባው እንደቀጠለ ከሰዎቹ አፍ ስለሚወጣው ጽሑፍ ያለበት ደመና ጥያቄ ተነሣ። ወይዘሪት ፈትለወርቅ ደመናው ንግግር ነው አሉ። መሪጌታ ግን የተጋደመው ሰው አፍ ላይም ደመና መኖሩን ጠቁመው፣ የተገነዘ ሰው ስለማይናገር ይህ እየወጣች ያለች ነፍስ መሆኗን አስረዱ። የተጻፈባትም ኃጢአቷ ነው አሉ። ጉባኤው ተቀበለው።

ከዚህ በኋላ መሪጌታ ወደ አንድምታው ገቡ። ጥርስ አባወራ ነው፤ ተነቀለ ማለት ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው። አንድም ዳቦው ርስት፣ ውሻው ነጣቂ ወራሽ ነው። አንድም ገመዱ ዕድሜ ነው። አንድም፣ አንድም እያሉ ዘጠኝ ከደረሱ በኋላ ሰብሳቢው የቀረውን ለሌላ ቀን እንዲያቆዩት በአክብሮት ለመኗቸው።

አቶ ጎበና ዘጠኙም መልካም ቢሆን ዋናው እንደተረሳ ገለጹ። የሰውዬውን ሪዝና ደረቱ ላይ ያለውን ሜዳሊያ በጣታቸው እያሳዩ ይህ ተራ ሰው አይደለም አሉ። አህያዋ ሕዝቡ መሆኑን፣ ሕዝቡም ትልቁን ሰው በገመድ ስቦ እንደሚጥለው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከሆነው ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ እንዲህ ያለ ሥዕል በዋዛ እንደማይሣል አስረዱ። ንግግራቸውን ሲጨርሱ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ።

አቶ ፉፋ ሐሳባቸውን ተጠየቁ። መጽሐፉን ተቀብለው ብዙ ካዩ በኋላ ገመዱ ከአህያዋ ጭራ ላይ መታሰሩን፣ በጭራዋ የተሳበች አህያ እንደምትራገጥ እንጂ እንደዚህች ፈገግ እንደማትል፣ ሠዓሊው አህያ ኖሮት እንደማያውቅ ገለጹ። አህያዋ ማን ናት ተብለው ሲጠየቁ አህያ ናት አሉ። ጥያቄው በዝግታ ተደገመላቸው። ያንኑ መለሱ።

ወይዘሪት ፈትለወርቅ እጃቸውን አወጡ። መጽሐፉ እንደ ብራና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ረድፍ በረድፍ እንደሚነበብ አሳሰቡ። መሪጌታ ተቆጥተው፣ እሳቸው በዓምድ ሲያነቡ አርባ ዓመት እንደሆናቸውና ዓምድ አቋርጦ የሚያነብ ሰው መናፍቅ ወይም ሰካራም እንደሆነ ገለጹ። ክርክሩ ስለበረታ ሰብሳቢው ጉዳዩን በድምፅ እንፍታው አሉ። መጽሐፉ ወደ ታች እንዲነበብ በአምስት ድምፅ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት አቶ ፉፋ ናቸው፤ አሁንም ጭራውን ያዩ ነበር። አቶ ሂርጳ እንደተለመደው ተስማምተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. አርባ ሦስቱም መጻሕፍት ቅዳሜ በግቢው ውስጥ ይቃጠሉ። መሪጌታ ቅዳሜ ሃያ አንድ ማርያም መሆኗን ስላስታወሱ ወደ ሰኞ ተዛወረ።

ለ. የመጻሕፍት ክፍሉ የማገዶ ማስቀመጫ ይሁን።

ሐ. ወይዘሪት ፈትለወርቅ ወደ ሩቅ አውራጃ እንዲዛወሩ ለበላይ አካል ይጻፍ።

ውሳኔው ሲነበብ ክፍሉን በገዛ እጃቸው ኖራ የቀቡት ወይዘሪቷ መሆናቸውን የሚያውቅ ሁሉ ወለል ወለሉን ያይ ነበር። ጸሐፊውም አየ፤ «ሐ»ንም ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለት ጊዜ ሰርዟል።

አጀንዳ 3፦ ለበላይ አካል ስለሚጻፈው ደብዳቤ

ሰብሳቢው ደብዳቤው ዛሬውኑ ተጽፎ፣ አባላት በሙሉ ፈርመውበት እንዲሄድ አዘዙ። ጸሐፊው ወረቀት አዘጋጅቶ «ምክንያቱስ ምን ተብሎ ይጻፍ?» ሲል ጠየቀ። የተባለው ይጻፍ ተባለ። በዚህ ጊዜ ወይዘሪት ፈትለወርቅ ከቆሙበት የሚከተለውን ተናገሩ፤ ቃላቸው እንዳለ ተመዝግቧል።

«እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን ምክንያቱ ሳይሸራረፍ ይጻፍልኝ። ባለ ሜዳሊያው ሰውዬ ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጥለው፣ ይህንንም ያወቀው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። እኔ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያየሁት ጥርሱን የታመመ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ያየ ሰው ካለ ይፈርም። ደብዳቤውን እኔው ራሴ አደርሰዋለሁ።»

 

ሰብሳቢው በመጀመሪያ ማን ምን እንዳለ ለማስታወስ ቃለ ጉባኤው እንዲነበብ አዘዙ። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «አቶ ጎበና አህያዋ ሕዝቡ መሆኑን...» የሚለው ላይ ሲደርስ አቶ ጎበና አቋረጡት። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ክፉ ሰው ሊኖር ይችላል አልኩ እንጂ እኔ አላሰብኩም፤ ይሰረዝልኝ አሉ። ጸሐፊው የተባለ ነገር እንደማይሰረዝ፣ ይህንንም ደንብ ባለፈው ሚያዝያ ያወጡት ራሳቸው አቶ ጎበና መሆናቸውን አስታወሰ። ጸሐፊው ይህን ሲል ደስ ብሎት እንደነበር አይክድም።

አቶ ጎበና መሪጌታ ቀድመው ጥርስ አባወራ ነው ባይሉ ኖሮ እሳቸው ወደዚያ እንደማይሄዱ ገለጹ። መሪጌታ የእሳቸው አባወራ የቤት አባወራ ብቻ እንደሆነ፣ አንድምታም ለቅዱሳት መጻሕፍት እንጂ ለፈረንጅ ጨዋታ እንዳልተሠራ፣ ሰብሳቢው ስላዘዟቸው ብቻ መሞከራቸውን መለሱ። ሰብሳቢው እኔ የጠራኋችሁ በልጅ ሳቅ ነው፤ ሰው ጣሉልኝ አላልኩም አሉ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከበርበሬው የተነሣ ዓይናቸው ስለደከመ ሥዕሉን በደንብ እንዳላዩት አስመዘገቡ።

እንግዲህ ከተናገሩት ያልሸሹ አቶ ፉፋ ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የማቃጠሉ ምክንያት «መጽሐፉ የአህያ አጠማመድ በትክክል ስለማያስተምር» ተብሎ እንዲጻፍና አቶ ፉፋ ብቻቸውን እንዲፈርሙ ሰብሳቢው ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ፉፋ እምቢ አሉ። ገመድ አሳስቶ ማሰር ያስቃጥላል ከተባለ ከእንጦጦ እስከ ሾላ ማን ይተርፋል ብለው ጠየቁ። ደግሞም ልጃቸው ኢፍቱ ይህንኑ መጽሐፍ አንብባላቸው፣ ጭራውን ቢነቅፉም ሁለት ቀን ሙሉ እንደሳቁበት ተናገሩ። አስቀድመው ለምን አልተናገሩም ቢባሉ የተጠየቁት ስለ አህያዋ መሆኑን አስረዱ።

ሰብሳቢው መጽሐፉ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ይሞከር አሉ። መሪጌታ «ለሙከራ ብቻ» ብለው ካስመዘገቡ በኋላ ረድፉን ተከትለው አነበቡ። ሰውዬው ጥርሱን ታመመ። ጥርሱን በገመድ ከአህያ ጋር አሰሩት። አህያዋ ስትስብ ጥርሱ ሳይሆን እሱ በረረ። ቆስሎ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኛ። ጎረቤት ዳቦ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ዳቦውን ሲገምጥ ያ ጥርስ ወለቀ፤ ውሻው ዳቦውን ወሰደ፤ ሰውዬው ተገላግሎ ሳቀ።

መሪጌታ እዚህ ላይ ሳቅ አፍኗቸው ማንበብ አቃታቸው። መነጽራቸው ወደቀ። ጎጃም ቅኔ ሲማሩ ጓደኞቻቸው የእሳቸውን ጥርስ ከበር ጋር አስረው እንደነበር፣ በሩን የከፈቱት የኔታ ራሳቸው መሆናቸውን ትንፋሽ እያጠራቸው ተረኩ። ሰብሳቢው አፋቸውን ከፍተው የጎደለውን መንጋጋቸውን ለጉባኤው አሳዩ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ያላዩትን ሥዕል እየጠቆሙ ሳቁ። አቶ ጎበና መስኮቱ መዘጋቱን ካረጋገጡ በኋላ ሳቁ።

ሰብሳቢው ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ለወይዘሪት ፈትለወርቅ ሰጡ። «እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ወደ ቤቴ ስትልኪ ለእኔም ንገሪኝ» አሉ። ወይዘሪቷ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እስከዚያ ድረስ ያልተሰጣቸውን ወንበር ሳይጠይቁ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ማንም አልገሠጻቸውም።

ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ፣ አቶ ሂርጳም እንደተለመደው ተስማምተው፣ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። መጽሐፉ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ጎን ይነበባል።

ለ. ባለ ሜዳሊያው ሰውዬ ማንም አይደለም። አህያዋ፣ አቶ ፉፋ እንዳሉት፣ አህያ ናት።

ሐ. የመጻሕፍት ክፍሉ ሰኞ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ወይዘሪት ፈትለወርቅ የትም አይሄዱም።

መ. ኮሚቴው ዛሬ የተሰበሰበው ስለ ግቢው አጥር ነው። ስለ አጥሩም ምንም አልተወሰነም።

ሠ. በመጻሕፍቱ ፈንታ ይህ ቃለ ጉባኤ አሁኑኑ በአባላቱ ፊት ይቃጠል፤ ቅጂውም እንዳይኖር።

ጉባኤው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። በተራ ፊደል ሠ በታዘዘው መሠረት ይህ ቃለ ጉባኤ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ አመድ መሆኑን ከዚህ በታች በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ዓለሙ፣ ጸሐፊ