የዶክተር አሥራት የሕይወት ታሪክ፣ እሳቸው ባሉበት

በእኛ አገር የሰው ታሪክ በድምፅ ማጉያ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ ባለታሪኩ አይሰማም። የት እንደተማረ፣ ማንን እንደረዳ፣ ምን ያህል ተጫዋች እንደነበር ሠፈሩ ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል፤ እሱ ግን ተኝቷል። አሠራሩ ለባለታሪኩ እንደማይመች እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ባለታሪኩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ከዚህም የባሰ ነው። በምን አወቅሽ ብትሉኝ፣ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ።

ቦንጋ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን ስናገር ሰዎች ለምን በሐዘኔታ እንደሚያዩኝ አይገባኝም። ከሰው ጋር ከማወራ ከመጽሐፍ ጋር ብውል የምመርጥ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ግማሹን ትምህርት የማስተምረው ሰሌዳውን ነው። ምኞቴ አንድ ነበር፦ አዲስ አበባ ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪዬን በዶክተር አሥራት ሥር መማር። ዶክተር አሥራት የቦንጋ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት አሉታዊ አዮኖችን በብርሃን በመመርመር ነው። የጻፉትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ታዲያ ለምን አልጠየቅሻቸውም ትሉኝ ይሆናል። ስልካቸውን ካገኘሁ ወራት አልፈው ነበር፤ እስከዚያ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ቁጥሩን በቃሌ መያዝ ነው።

እኚህ ሰው ለእረፍት ሊመጡ ነው ሲባል ከተማው የአቀባበል ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ጋሽ መኮንን ሆኑ፤ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ አሁን የሠፈራችን እድር ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ሰው የሚሰበሰብበትን ማንኛውንም ነገር ያለ እድሩ ድንኳን፣ ያለ እድሩ አግዳሚ ወንበርና ያለ እድሩ ድምፅ ማጉያ ማሰብ አይሆንላቸውም። አስጠሩኝና፣ «ልጄ፣ የሰውየው ሥራ ከዚህ ከተማ የሚገባው ሰው ካለ አንቺ ነሽ፤ ታሪካቸውን ጻፊና አንብቢ» አሉኝ። መጻፉን እሺ፣ ማንበቡን ግን ሌላ ሰው ያድርገው ብዬ ለመንኳቸው። «ምሳ ላይ ከጎናቸው አስቀምጥሻለሁ» አሉ። ደካማ ጎኔን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ተሸነፍኩ።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፌ እንደማላውቅ ስነግራቸው እድሩ የሚጠቀምበትን ናሙና ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። «ይህን ተከተይ፤ እስከዛሬ አንድም ባለታሪክ ቅር ብሎት አያውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም የተማርኩ ሰው ነኝና ሕመሙንና ቀብሩን የሚመለከተውን ክፍል አውጥቼ የቀረውን እንዳለ ተከተልኩ። ይህ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

ይልቅ ያስጨነቀኝ አሉታዊ አዮንን ለሠፈሩ ሰው እንዴት እንደማስረዳ ነበር። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ስጥል ቆየሁና ሚኒባስ ትዝ አለኝ። ከቦንጋ ወደ ዋጫ የሚሄድ፣ ወንበሩ የሞላ ሚኒባስ አቶም ነው እንበል። ረዳቱ ግን ሞላ ብሎ ነገር አያውቅም፤ አንድ ሰው ትርፍ ይጭናል። ትርፉ ሰው ኤሌክትሮን ነው፤ ትርፍ የጫነው ሚኒባስ ደግሞ አሉታዊ አዮን። ዶክተር አሥራት ብርሃን ሲያበሩበት ትርፉ ዘሎ ይወርዳል፤ በምን ያህል ፍጥነት እንደወረደ ለክተው፣ ምን ያህል አጥብቆ ይዞ እንደነበር ያውቃሉ። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ለዚህ ምሳሌ ብቻ ዲግሪ ይገባኝ ነበር።

የአቀባበሉ ዕለት ዝናቡ ከክብር እንግዶቹ ቀድሞ ደረሰ። ድንኳኑ ሞላ፤ ድምፅ ማጉያውን ጨበጥኩ፤ ዓይኔን ከወረቀቱ ላለማንሳት ለራሴ ቃል ገብቼ ጀመርኩ። «ዶክተር አሥራት ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በቦንጋ ከተማ ተወለዱ...» ቃሌን አፍርሼ ሰረቅ አድርጌ ባይ፣ ወንዶቹ አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ነው። ሳይንስ በቦንጋ እንዲህ መከበሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ። «ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ...» ስል ከፊት ወንበር የሚያለቅስ ሰው ሰማሁ። ታላቅ እህታቸው እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ ያበሏቸውን ወንድማቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ይላሉ። ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ብቻ ሐዘኑ ጋብ አለ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ረዳቱ ምን ያድርግ፣ ለምነውት እኮ ነው» ብሎ ተከራከረ።

«ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ከውጭ ዋይታ ተሰማ። የዶክተሩ አክስት እማማ በላይነሽ ነበሩ። አሥራት መጣ ሲባል ማር ይዘው ከማንኪራ በእግራቸው የተነሡ ሴት ናቸው። መንገድ ላይ ሆነው የእድሩን ድንኳን አዩ፤ የእድሩ ድምፅ ማጉያ የአሥራትን ታሪክ ሲያነብ ሰሙ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ማሩን አስቀምጠው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

ዶክተሩ ለአክስታቸው ብድግ አሉ። እማማ ዓይናቸው ድሮም ደክሟል፤ አሁን ደግሞ እንባ ሞልቶታል። ፊታቸው የቆመውን ሰው አንገት አቅፈው፣ «መጣ ብለው አስደስተውኝ ሳልደርስበት» እያሉ ትከሻቸው ላይ አለቀሱ። ቆየት ብለው፣ «አንተስ የማን ነህ ልጄ፣ የሥራ ባልደረባው ነህ?» ሲሉ ጠየቁ።

ዶክተሩ ትንሽ አሰቡና፣ «አብረን ነው የኖርነው» አሉ።

«እግዜር ያጽናህ።»

«እርስዎንም ያጽናዎት።»

እትዬ ብዙነሽ ከልቅሷቸው ወደ ሳቅ የዞሩት እዚህ ላይ ነው። እማማ ነገሩ ሲነገራቸው የወንድማቸውን ልጅ ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረብ አድርገው አዩና፣ «አንተ፣ ሞተህ ታጽናናኛለህ?» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ተሸሽጌ፣ አዲስ አበባን በልቤ ተሰናበትኳት።

ጋሽ መኮንን ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ባያከብሩ ብዬ የተመኘሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ምሳ ላይ ከዶክተሩ ጎን አስቀመጡኝ። ዶክተሩ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና ኪሳቸው ከተቱት። «እኔ ዘንድ ይቆይ፤ እድሩ እጅ ከገባ ያስቸኩሉኛል» አሉ። ከዚያም ስለ ሥራቸው በስንት አገር ሲናገሩ ኖረው፣ ሥራው ለእህታቸው የገባቸው ገና ዛሬ መሆኑን ነገሩኝ። እትዬ ብዙነሽ ሰምተው፣ «ይህን ሁሉ የተማርከው ሰው ከመኪና ለማውረድ ነው እንዴ?» አሉ።

አሁን ካልጠየቅኩ መቼም አልጠይቅም አልኩና ሰሌዳውን በማስተምርበት ድምፅ ጠየቅኳቸው። አልተሰማም። ደገምኩት። ዶክተሩ ሹካቸውን አስቀምጠው የዘንድሮው ቦታ መሙላቱን ነገሩኝ። እሺ አልኩ፤ እሺ ማለት መቼም አይከብደኝም። ይህኔ ፈገግ ብለው፣ «አንድ ትርፍ ግን እጭናለሁ። አጥብቀሽ መያዝሽን እናያለን» አሉኝ።

ወደ አዲስ አበባ የምሄድበት ጠዋት ቦንጋ ጭጋግ ለብሳለች፤ ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ረዳቱ ግን ሞላ ብሎ ነገር አያውቅም፤ በሩ ሥር አጣጥፎ አስገባኝ። ሻንጣዬን ታቅፌ፣ የወደፊት ተመራማሪነቴን እያሰብኩ፣ የወንበሩን ብረት ባለኝ ኃይል ሁሉ ጨበጥኩ። ጊምቦ ሳንደርስ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። በሩን ከፍቶ የእጅ ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራ። ትርፍ የጫናችሁት ማንን ነው አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ወረድኩ። የፍጥነቴን ጉዳይ ዶክተር አሥራት ባይሰሙት እመርጣለሁ፤ ፖሊሱ ባትሪውን ሳያጠፋ መሬት ላይ ነበርኩ።