በላውድ ብቻ የሚያወራ ስልክ

ስልክ የተሠራው ለመነጋገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ እሱ ስልክ የለውም ማለት ነው። እኛ ስልክ የሚያስፈልገን በሌለንበት ቦታ ለመገኘት ነው። ሱሪውን ገና እየፈለገ ያለ ሰው «በር ላይ ነኝ» ይላል። ቢራ የጨበጠው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላል፤ አጠገቡ ያለው ጓደኛውም ስብሰባ እንዲመስል ወፈር አድርጎ ያስልለታል። ወሬው ካልጣመን ደግሞ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብለን እንዘጋለን። ምስኪን ኔትወርክ! በደቡብ ኦሞ የራሱ ኃጢአት አልበቃ ብሎት የእኛንም ይሸከማል። እኔም ከእናንተ የተለየሁ አልነበርኩም። ከዚህ ሱስ ያላቀቀኝ ምክርም ጸሎትም አይደለም፤ ርካሽ ስልክ ነው።

የገዛሁት ጂንካ ገበያ ዳር ካለች ሱቅ ነው። ካርድ እየተሞላለት የሚሠራ፣ ስክሪኑ ሰፊ፣ ጀርባው የሚያብለጨልጭ ስልክ ነበር። ሻጩ «ካሜራው ሁለት ነው» አለኝ፤ አንደኛው ለጌጥ የተለጠፈ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጆሮው ድምፅ ሞተ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ላውድ አድርገህ ተጠቀምበት» ብሎ መለሰልኝ። ኢርፎን አትሰካም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የኢርፎኑን ቀዳዳ የዲመካ አቧራ ደፍኖታል። ሌላ አትገዛም ወይ የምትሉኝ ደግሞ የመንግሥት ደመወዝ በልታችሁ አታውቁም።

ሐመር ወረዳ፣ ዲመካ ተመድቤ የምሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። የስልኬ ጆሮ ከሞተ ወዲህ የግል የሚባል ነገር አልነበረኝም። እናቴ ከደሴ ደውላ ስትመርቀኝ ቢሮው በሙሉ «አሜን» ይላል። ሆዴን ስለሚነፋኝ ነገር ስትጠይቀኝም ቢሮው ይሰማል፤ ለዚያ አሜን ባይባልም መድኃኒት የሚያዝልኝ አይጠፋም። አለቃዬ ሲደውል «መንገድ ላይ ነኝ» እንዳልል አጠገቤ ያለው ሰው ይስቅብኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳልፈልግ ሐቀኛ ሆንኩ።

ማርታ ጂንካ የምታስተምር የሳውላ ልጅ ናት። እኔ ላገባት እፈልጋለሁ፣ እሷም ትፈልጋለች፤ የማይፈልጉት አባቷ አቶ ጴጥሮስ ናቸው። «የሚያውቀው ሰው ሳይኖር፣ ሽማግሌ ሳይልክ ማንነቱን በምን አውቃለሁ?» አሉ። አባቴ ሞቷል፤ አጎቶቼ ከደሴ ሳውላ የሚያደርስ ጉልበት የላቸውም። ልጃቸው ስታለቅስባቸው ጊዜ «ቅዳሜ አስር ሰዓት እኔው ደውዬ አነጋግረዋለሁ፤ ካልጣመኝ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል» ብለው ቆረጡ። ማርታ የአባቷን እምቢታ ረግጣ እንደማታገባኝ ሁለታችንም እናውቃለን። በጣም ፈራሁ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። በጊዜ ጂንካ ገብቼ፣ የጓደኛዬን ክፍል ዘግቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነጋግራቸዋለሁ። ግን ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ነው። ሚኒባሱ ሰው ከሞላ በኋላም ማሽላ፣ ዶሮና ማር ሲጭን ዋለ። አስር ሰዓት ሲሆን መንገድ ላይ ያለችው ቀይ አፈር ከተማ እንኳ አልደረስንም።

ስልኩ ጮኸ። አለማንሳት ይቻል ነበር፤ አቶ ጴጥሮስ ግን ሁለቴ የሚደውሉ ሰው አይደሉም።

«የማርታ አባት ነኝ» አለ ስልኬ፣ ለሚኒባሱ በሙሉ።

ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ መኪናውንም ዳር ይዞ አቆመ። ለወትሮው «ንዳው እንጂ!» የሚል ተሳፋሪ ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ አስግጎ ቁጭ አለ።

«ትጠጣለህ?» አሉኝ ከሰላምታው አስከትለው።

«አልጠጣም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ከኋላዬ የተቀመጡት ዲመካ ግሮሰሪ ያላቸው ወይዘሮ አስቴር ናቸው። ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

«አንዳንዴ ቢራ እጠጣለሁ፣ አባባ» አልኩ።

ማርታን ያጣኋት መሰለኝ።

«ከሁለት አያልፍም!» አሉ ወይዘሮ አስቴር ድንገት። «የምሸጥለት እኔ ነኝ!»

«ሰው አለ እንዴ እዚያ?»

«አለን!» አለ ሚኒባሱ።

ከፊት ለፊቴ አይኬ የሚባሉ የሐመር ሽማግሌ ቦርኮቷቸውን፣ ያቺን ትንሽ የእንጨት መቀመጫቸውን፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው።

«እኔ አይኬ ነኝ» አሉ። «የኔ በሬ ታመመ። ይሄ ልጅ መጣ፣ መርፌ ወጋ። በሬው ሞተ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በሬው እስኪሞት ይሄ ልጅ ቁጭ አለ። ፀሐይ ገባ፣ አልሄደም። ሌላ ሐኪም መርፌ ይወጋል፣ ይሄዳል። ይሄ አልሄደም። ልጅህን ስጥ።»

ከስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እስከ ዛሬ ልጄን ፈልገው የመጡት ሁሉ ስጠይቃቸው አልጠጣም ነው ያሉኝ» አሉ አቶ ጴጥሮስ። «እንግዲህ ሽማግሌ ከላከ ምን እላለሁ? ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።»

ልብ በሉ፣ የተሰጠችው ለሚኒባሱ ነው። ወይዘሮ አስቴር እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ጂንካ ገባሁ።

ከሠርጉ በኋላ ወደ ጂንካ ተዛወርኩ። ማርታም አዝናልኝ ጆሮ ላይ ብቻ የሚያንሾካሹክ አዲስ ስልክ ገዛችልኝ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት አለቃዬ ደወለ። ገና አልጋ ውስጥ ነኝ።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ!» አልኩት። መዋሸት እንዴት ናፍቆኝ ነበር!

ማርታ መስታወት ፊት ፀጉሯን እያበጠረች ሰማችኝ። መጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች፣ ሲም ካርዱን አወጣች፣ ከመሳቢያው አሮጌውን ስልክ አምጥታ ከተተችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አባቴ የዳረኝ ላውድ ላይ ለነበረው ሰውዬ ነው» አለችና ወደ ፀጉሯ ተመለሰች።

ስልኩ ገና ከመከፈቱ ጮኸ። አለቃዬ ነው። «የት ደረስክ?» የሚለው ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ማርታ በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች።

«አልጋ ውስጥ ነኝ» አልኩት።