አውቶቡስ የማይፈልጉት አቶ ዴልበርት

ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «አልስማማም» ለማለት ከሰብሳቢው ቀድሞ የሚደርስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ለምንኖረው፣ የደረሱን ክቡር አቶ ዴልበርት ሆስኪንስ ናቸው።

ነገሩ ሁሌም አንድ ነው። ከከተማ የሚመጣው አውቶቡስ የወረዳችን ድንበር ላይ ሲደርስ ዞሮ ይመለሳል። ወደ እኛ እንዲገባ ከተፈለገ በምንገዛው ዕቃ ላይ፣ በየዶላሩ አንድ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ መጨመር አለብን፤ የሚወስነውም የእኛው ድምፅ ነው። በየጥቂት ዓመቱ እንጠየቃለን፤ በየጥቂት ዓመቱ እምቢ እንላለን። እምቢታውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የተናጋሪው ሰዓት አልቆ ቀይ መብራት ቢበራም ማይክሮፎኑን አይለቁም። «ጎረቤት እያለ አውቶቡስ ምን ያደርጋል?» ይላሉ፤ አዳራሹ ያጨበጭባል።

የሚያናድደው፣ ከልባቸው መሆኑ ነው። መኪና የሌለውን ሁሉ በዚያች በዛገች ፒካፕ ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ ቀብር ያደርሳሉ። የድምፅ መስጫው ቀን ደግሞ አሮጊት ሽማግሌውን ጭነው ይወስዱና፣ አውቶቡስ እንዳይመጣ ድምፅ አሰጥተው በየደጁ ይመልሱታል። ተሳፋሪውስ እንዴት ብሎ እሺ ይበል? ያመጡትን ሰውዬ ማስቀየም ይሆንበታል።

አምና ዓይናቸው ደከመና መንጃ ፈቃዳቸው ተወሰደ። አፍረው ለማንም አልተናገሩም። ለኩላሊት እጥበት ሐኪም ቤት ያመላልሷቸው የነበሩት ወይዘሮ ቨርሊንም ሰው ላለማስቸገር ዝም አሉ። ሁለት ቀጠሮ አለፋቸው። ስናገኛቸው ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ወንበራቸው ላይ ተደፍተው ነበር። ተረፉ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆኑም።

በቀጣዩ ስብሰባ አቶ ዴልበርት በሰው እጅ ተመርተው ማይክሮፎኑ ጋ ደረሱ። አዳራሹ ለማጨብጨብ ተዘጋጅቷል።

«አውቶቡሱ እኔ ነበርኩ» አሉ። «አሁን አላይም። ሳንቲሟን ክፈሉ።»

ቀዩ መብራት ሳይበራ ተቀመጡ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ድምፅ ተሰጠ፤ ታክሱም ወደቀ። የጣለው የእኛው ሰፈር ነው። ጎረቤቴን ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ሽማግሌው ያን ቀን ሆድ ብሷቸው ነው እንጂ ልባቸውን እናውቀዋለን። ለእሳቸው ስንል እምቢ አልን» አለኝ። ይህን ለአቶ ዴልበርት የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው» አሉ።

አሁን ወይዘሮ ቨርሊንን የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። አቶ ዴልበርትም አይቀሩም፤ ፊት ወንበር ላይ ተሰይመው፣ በማያዩት መንገድ ላይ የት ቀስ ማለት እንዳለብኝ ያዝዙኛል። አነዳዴን ሳይሰድቡ ውለው አያውቁም። ስቃወማቸው በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እወዳቸው እንደነበር የገባኝ እዚህች መኪና ውስጥ ነው።

ሞተር ሳስነሳ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«አንተ ልጅ፣ ዓይንህ እንዴት ነው?»

ደህና ነው እላቸዋለሁ። አመሻሽ ላይ መንገዱ ይደበዝዝብኝ እንደጀመረ አልነግራቸውም።