ጋሽ ወልዴ በስልክ ሲታከሙ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሐኪም ዘንድ ገብቶ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያላለ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ደህና ከሆንን ታዲያ እዚያ ምን ልንሠራ ሄድን? ካርድ አውጥተን፣ ግማሽ ቀን ተሰልፈን፣ ከሥራ ቀርተን፣ ደህና መሆናችንን ነግረን ልንመለስ? እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጉሮሮዬ አብጦ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ሄድኩና፣ እንዴት ነህ ስባል ድምፄ ስለተዘጋ በአንገቴ ደህና ነኝ አልኩ።

ድሮ ይሄ ብዙም ችግር አልነበረም። ሐኪሙ መልሳችንን የሚሰማው ለጨዋታ ነው። ምላስህን አውጣ ይላል፣ ዓይናችንን ገልጦ ያያል፣ ሆዳችንን ይጫናል። አፋችን ደህና ነኝ ቢልም ሆዳችን ሲጫኑት እውነቱን ያወጣል። ኋላ ኮምፒውተር መጣ። እኛ እንናገራለን፣ ሐኪሙ ወደ ስክሪኑ እያየ ይጽፋል። መገናኛ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ገብቼ የሆድ ሕመሜን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተርኬ ልጨርስ ስል መብራት ሄደ። ሕመሜም አብሮ ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ሐኪሙ ይቅርታ ጠይቆ፣ ምንህን ነበር ያመመህ አለኝ። ሁለተኛ ማውራቱ ሰለቸኝና ደህና ነኝ ብዬው ወጣሁ።

ታዲያ ቴክኖሎጂ የማማ እንዳይመስላችሁ። እኔ እኮ የለየለት የቴክኖሎጂ ወዳጅ ነኝ! ባቡሩ ሥራ የጀመረ ሰሞን አንዳች ጉዳይ ሳይኖረኝ ከሲ.ኤም.ሲ ተሳፍሬ ስታዲየም ደርሼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ያውም ሦስት ጊዜ። ፎቶ የሚልክ ስልክ የገዛሁትም በዚያው ሰሞን ነው። ቁርሴን ፎቶ አንስቼ እዚያው ማዕድ ቤት ላለችው ባለቤቴ እልክላት ነበር። ደስ ይላላ! የላክኸው ነገር ከሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ደስ የማይለው ማነው?

አጎቴ ጋሽ ወልዴ የሚኖሩት እንጦጦ ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ትንሽ ወረድ ብሎ ባሕር ዛፉ መካከል ነው። ስኳር አለባቸው። ለፋሲካ የገዙት ጫማ የግራ እግራቸውን ትንሿን ጣት ላጣትና ቁስሉ አልድን አለ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ቀልድ አይደለም። ይዣቸው ወደ መገናኛ፣ ዶክተር ሰናይት ወደምትሠራበት ክሊኒክ ወረድኩ። ዶክተር ሰናይት ወጣት ናት፣ ከታናሽ እህቴ ብዙም አትበልጥም፤ ሥራዋ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። አጥባ፣ መድኃኒት አድርጋ፣ ጠቀለለችላቸውና በየሦስት ቀኑ እየመጡ እንዲታዩ ነገረቻቸው። ጸበላቸውን መጠመቃቸውን አልከለከለችም፤ ብቻ በኋላ በደንብ ያድርቁት አለች። ወደ ውጭ ስንወጣ እኔን ነጠል አድርጋ፣ ቁስሉ ከጠቆረ ስለ መቁረጥ ልናወራ ነው አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። የጋሽ ወልዴ ጆሮ ግን ስኳር የለበትም።

እንግዲህ በየሦስት ቀኑ ከእንጦጦ መገናኛ በቆሰለ እግር ማን ይመላለሳል? እዚህ ላይ ነው እኔ የተነሳሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል፣ እኔ ነኝ። ስልክ አለ አይደል? ፎቶ አለ አይደል? እሳቸው እዚያው ሆነው ያነሳሉ፣ ለኔ ይልካሉ፣ እኔ ለዶክተር አስተላልፋለሁ፣ እሷም እየደወለች ትጠይቃቸዋለች። ዶክተር ሰናይት መጀመሪያ አልተዋጠላትም። ቁስል በዓይን ይታያል፣ በአፍንጫም ይሸተታል፣ ስልክህ ያሸታል ወይ አለችኝ። እኔ ግን ደስታው አስክሮኝ ስለነበር ነዝንዤ ነዝንዤ አሳመንኳት። አሮጌውን ስልኬን ሳይሆን አዲስ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካሉም ፎቶ ማንሳት አስተማርኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ደወለች። እንዴት ነዎት ጋሼ? ደህና ነኝ ልጄ፣ ክብሩ ይስፋ። እግርዎስ? ደህና ነው። ያምዎታል? ኧረ ምንም አያመኝም፣ አንቺ እንዴት ነሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? ሥራ ጥሩ ነው? ልጅቷ ለአምስት ደቂቃ የራሷን ጤና ስታስረዳ ቆይታ ስልኩ ተዘጋ። ወዲያው ለኔ ደወለች። አያመኝም ማለታቸውን አልወደድኩትም፣ ስኳር እግር ያደነዝዛል፣ ፎቶውን ቶሎ ላክልኝ አለች።

ፎቶው መጣ። ምን ብዬ ልንገራችሁ! ጋሽ ወልዴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ አንድ እጃቸውን ወንበር ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። ለካስ ፎቶ ሲባል ክብር ነው ብለው፣ እስከ ፈረንሳይ ሰፈር ወርደው፣ ፎቶ ቤት ገብተው በዚያው ስልክ አስነስተው ነው። ያበጠው እግር ጫማቸው ውስጥ አልገባ ስላለ ከጎረቤት ሰፊ ጫማ ተውሰው፣ ሊስትሮ ዘንድ አስወልውለዋል። ባለፎቶው ግን ጫማ ምን ያደርጋል ብሎ ከጉልበት በታች ቆርጦታል። ሐኪም ሳይቆርጠው ባለፎቶ ቆረጠው! ዶክተር ፎቶውን አይታ ደወለችልኝ። አጎትህ መልከ መልካም ናቸው፣ እግራቸውን ግን ላክልኝ አለች።

ደወልኩላቸው። ጋሼ፣ እግሩን ብቻ ነው የፈለገችው፣ ባዶ እግርዎን። እንዴ፣ ለሰው ሴት ልጅ ባዶ እግሬን ልላክ? ነውር አይደለም ወይ? ሐኪም እኮ ናት። ተነጫንጨው እሺ አሉ።

በማግስቱ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ከፈትኩት። እግር! ታጥቦ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ የሚያበራ፣ ጭረት እንኳን የሌለበት እግር። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ድኗል! በስልክ ሕክምና ድኗል! ለዶክተር አስተላለፍኩ፣ ከዚያ ለቢሮው ሰው ሁሉ እየዞርኩ አሳየሁ። ለሁሉም ለስላሳ አዘዝኩ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ፣ ለአንድ ሽማግሌ እግር ይህን ያህል ድግስ አይቼ አላውቅም አለ። ግድ አልሰጠኝም። ዘመኑ የኛ ነው እያልኩ የመንግሥት ሠራተኛውን ሁሉ ስለ መጪው ሕክምና ሰበክሁት። ሐኪም ቤት የሚባል ነገር ይቀራል፣ ሰልፍ ይቀራል፣ ታክሲ ይቀራል!

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዶክተር ሰናይት ናት። የታመመው የትኛው እግር ነበር አለችኝ። ግራው አልኳት። ይሄ ቀኙ ነው አለች።

ፎቶውን በጣቶችህ ጎትተህ ትልቅ አድርገው፣ ከታች በስተግራ ያለውን ጥግ እይ አለችኝ። አየሁ። ከሚያበራው እግር ጎን በጨርቅ የተጠቀለለ የሌላኛው እግር ጫፍ ገብቷል። ጨርቁ ላይ ጥቁር እርጥበት አለ። ጋሽ ወልዴ ደብቀውታል፣ ካሜራው ግን ይሉኝታ የለውም። አሁኑኑ ይዘሃቸው ና፣ ነገ አይደለም፣ አሁን አለች።

የላዳ ኮንትራት ይዤ እንዴት እንጦጦ እንደደረስኩ አላስታውስም። እትዬ አስካሉ በር ላይ አገኙኝ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ስንት ጊዜ ብለምናቸው እምቢ አሉኝ፣ የደህናውን አንሺ ብለው አዘዙኝ አሉ። ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮ ትልቁ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ለካ ሐኪሟ በደወለች ቁጥር ጋሽ ወልዴ ደህና ነኝ ለማለት በዚያ እግራቸው ድንጋይ ላይ ይወጡ ነበር። ገባሁ። ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ። ስልክ የማያሸተው ነገር ማለት ይኸው ነው።

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ በአጎቴ ላይ ጮህኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም ወይ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። በሰፈራቸው ዘበኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ ሐኪም ቤት በሁለት እግር ሄደው በአንድ እግር ተመልሰዋል። ያኔ ሐኪሟ የነገረችህን ሰምቻለሁ አሉኝ። ካላየችው አትቆርጠውም ብዬ ነው ልጄ። እኔም ንዴቴ ጠፋና አፈርኩ። ይሄን ሁሉ መንገድ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ታቅፌ ላዳው ውስጥ አስገባኋቸው።

ዶክተር አይታ በዚያው ሰዓት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከቻቸው፣ አብራንም ሄደች። ትንሿ ጣት ሄደች። እግሩ ተረፈ! ሦስት ቀን ብትዘገይ ኖሮ እግሩም አይተርፍም ነበር አለችኝ ዶክተር። እኔ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እትዬ አስካሉ ደግሞ እልል ብለው ነርሷ ተቆጣቻቸው።

ጋሽ ወልዴ ከሆስፒታል ሲወጡ ዶክተር ሰናይት ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ አንድ ነገር አስማለቻቸው። ከእንግዲህ ስደውል ደህና ነኝ የለም ጋሼ። የሚሰማዎትን ሁሉ አንድም ሳይቀር ይነግሩኛል። ጋሽ ወልዴ ኪዳነ ምሕረትን ብለው ማሉ። እሷም ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ። ድንጋዩ ላይ መውጣት እንዲቀር ቤት ውስጥ ትንሽ ኔትወርክ የሚይዝ መስኮት ፈልገን አገኘንና ስልኩን ሰቀልንበት። ቴክኖሎጂው ምን አጠፋ? ጥፋቱ የይሉኝታ ነው አልን።

ጋሽ ወልዴ መሐላ አይበሉም። ዶክተር ደወለች፣ እንዴት ነዎት አለች። ነገሯት። ወገባቸው ከሌሊቱ አጋማሽ ጀምሮ ይቆረጥማቸዋል። ጉልበታቸው ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግራቸዋል። በቀደም የበሉት ሽሮ ነፍቷቸዋል፣ እትዬ አስካሉ ግን በሽሮው አይደለም ይላሉ። ጅብ ጮኾ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። በንጉሡ ዘመን ወታደር ቤት ሳሉ በቅሎ የረገጣቸው ቦታ አሁንም ያሳክካቸዋል። በአርባኛው ደቂቃ ላይ ዶክተር፣ እሺ ጋሼ በሌላ ጊዜ እንቀጥላለን ብላ ልትዘጋ ስትል፣ እ... ደግሞ ከትናንት ወዲህ ዓይኔ ብዥ ብዥ ይለኛል አሉ። ዋናው ነገር እሱ ነበር! ስኳራቸው ወጥቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ መዝጋት ፈራች። ዋናው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከበቅሎዋ ኋላ።

በወሩ ዶክተር ሰናይት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደክሟል። ወንድሜ፣ በፈጠረህ፣ አጎትህን በአካል አምጣልኝ አለች። ደነገጥኩ፣ ባሰባቸው ወይ አልኳት። አልባሰባቸውም፣ እዚህ ሲመጡ ግን በሩ ላይ ሰልፍ ያያሉ፣ ይሉኝታ ይይዛቸውና በአምስት ደቂቃ ይጨርሳሉ፣ እግሩን ደግሞ እኔው በዓይኔ አየዋለሁ አለችኝ።

እንጦጦ ወጣሁና ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው። ምክንያቱን አይደለም፣ ጥሪውን ብቻ። በአካል ይምጡ ብላለች አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። ባለቤታቸውን ጠሩና፣ አየሽ አስካሉ፣ ልጅቷ እኮ ናፍቄያት ነው፣ ይኼ ስልክ ስልክ የሚሉት ነገር ሰው አያጠግብም አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ አይደለም እንዴ አሉኝ።

ምን ልበል? እንደዚያ ደስ ብሏቸው እያየሁ?

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው፣ «በጣም ናፍቀዋታል።»