ቅር ያለው ማነው?

ለሰው ደግ ነገር ልሥራ ብሎ ለተነሳ ወጣት ሁሉ፣ ዕድለኛ ከሆነ፣ አንድ አንጀት የሚያቃጥል አማካሪ አይጠፋለትም። ሌሎቹ አማካሪዎች ይመጣሉ፣ "በርቱ ጎበዞች!" ይላሉ፣ አብረው ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ይኼኛው ግን ይቀራል። ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ መነጽሩን ይወለውላል፣ ከዚያ ያቺን የፈረደባትን ጥያቄውን ይጠይቃል።

የእኛዋ ልጅ ዕድለኛ ነበረች። ከጓደኛዋ ከበያጁ ጋር ሆና ከአሮጌ ብስክሌት ዊልቸር እየሠራች፣ መራመድ ለተሳናቸው ሰዎች በትንሽ ኪራይ የምታቀርብ ወጣት ናት። አማካሪዋ ደግሞ ክቡር ጋሼ ቅሬታ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው በያጁ ነው፤ ፊት ለፊት ደፍሮ የጠራቸው ግን የለም። ዕድሜ ልካቸውን የጫማ ፋብሪካ ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዛሬም ሰው ሰላም ሲሉ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ልጅቷ ለፍታ ያዘጋጀችውን ቪዲዮ አሳየቻቸው። ሽማግሌዎች ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፣ ሙዚቃው ሆድ ያባባል፣ አንዲት እናት "ዕድሜ ይስጥልኝ" ይላሉ። ጋሼ እስከ መጨረሻው አዩት።

"ደስ ይላል፤ ይኼን ለእናትሽ አሳዪያት" አሉ። "ቅር ያለው ማነው?"

"ማለት?"

"ወስዶ የመለሰ። ጥሎሽ የሄደ። እሱን አሳዪኝ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ሁሉም ደስተኛ ነው እኮ!"

"ሁሉም ደስተኛ የሆነበት ቤት አላውቅም። የኔን ቤት ጨምሮ።"

ከዚያ ወዲህ ያቺ ጥያቄ የማትገባበት ቀዳዳ ጠፋ። አዲስ ቀለም ሲመረጥ፣ ቅር ያለው ማነው? በያጁ ልደቱን ሲያከብር፣ ኬኩ ገና ከሰው አፍ ሳይደርስ፣ ቅር ያለው ማነው? ኬኩን መርጦ የገዛው ራሱ በያጁ ስለነበር ክፉኛ አኮረፋቸው። ሥራቸው የተሸለመ ዕለትም ልጅቷ ዋንጫ ታቅፋ እየበረረች ስትገባ፣ ክቡርነታቸው ዋንጫውን ገልብጠው ሥሩን መረመሩና "ለመሆኑ ዳኞቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አይተውታል?" አሉ። ያን ቀን ልጅቷ በልቧ ያላለቻቸው ነገር የለም።

ዊልቸሮቹ መመለስ የጀመሩት ከዋንጫው በኋላ ነው። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ እየተባለ የወርክሾፓቸው ግቢ ጥግ በተመላሽ ወንበር ሞላ። እንዲህ ከቀጠለ ወርክሾፑ መዘጋቱ ነው። ልጅቷ "ኪራዩ ከብዷቸው ይሆናል" አለች። ጋሼ ግን ጃኬታቸውን ለብሰው ቆመው ነበር።

"ተነሺ፤ ቅር ያላቸው ዘንድ እንሂድ።"

የሄዱበት ቤት ዊልቸሩ ገና አልተመለሰም፤ መስኮት ሥር ቆሞ እርጥብ ልብስ ተሰጥቶበታል። ተከራይዋ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ልጅቷን ሲያዩ አፈሩ። "በጣም ጥሩ ወንበር ነው፤ ምንም አይወጣለት" አሉ። ልጅቷ በዚህ ተደስታ ልትነሳ ስትል ጋሼ ክንዷን ይዘው አስቀመጧት። ዝም አሉ። ጋሼ ዝም ሲሉ ደግሞ ግድግዳም ይናገራል።

"መንገድ ለመንገድማ ይወስደኛል፣ ልጄ" አሉ እናት በመጨረሻ። "ግን እኔ መንገድ ላይ ምን አለኝ? ጠረጴዛው ጋ አያደርሰኝም እኮ። የክንዱ መደገፊያ እየተጋጨ ያስቀረኛል። ልጆቼ ተሰብስበው ሲበሉ እኔ ሳህኔን ጭኔ ላይ ይዤ እዚያ ማዶ፣ እንግዳ መስዬ። ከዚህስ ልጄ ተሸክሞ ተራው ወንበር ላይ ቢያስቀምጠኝ ይሻለኛል።"

ልጅቷ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ጋሼ መሐረባቸውን ሰጧት፤ መሐረቡ የጫማ ቀለም ይሸት ነበር። በያጁ ኩርፊያውን ረስቶ የሚነቀል መደገፊያ ሠራ፤ ጥግ ላይ የተከመሩት ወንበሮችም አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

ወርክሾፑ ተረፈ ብቻ ሳይሆን አደገ። ከፊት ለፊቱ ያለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቢሮ ተከራዩ። ጋሼ አንድ ቀን መጡ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ "መስኮቱ ያምራል" አሉ። ከዚያ ቀሩ። ሲደወልላቸው አንዴ ጉንፋን ነው፣ አንዴ እንግዳ ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እፎይታ ነበር። ስብሰባ በጊዜው ያልቃል፤ ኬክ በሰላም ይበላል። አንድ ቀን ግን ልጅቷ ለልጆች የሚሆን አዲስ ወንበር አቀረበችና ሁሉም ወዲያው ተስማማ። ማንም ምንም አላለም። ያኔ ፈራች። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ጋሼ ቤት ከነፈች።

በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። "ጉንፋኑ ተሻላቸው?" ብላ ብትጠይቃቸው "የቱ ጉንፋን?" አሉ። ጋሼ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ወንበር ስባ ፊታቸው ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ጥሎን የሄደ ሰው ፍለጋ ነው የመጣሁት። ቅር ያለው ማነው?"

መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፤ ንጹሕ ሆኖም መወልወሉን አልተዉም።

"ጉልበቴ ነው፣ ልጄ። ያ ደረጃ…"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ቅር ያለው ሰው መች ይናገራል! ዝም ብሎ ነው የሚቀረው። ስንቴ ልንገርሽ?"

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። መራመድ ለተሳናቸው ዊልቸር እሠራለሁ ያለችው እሷ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከነዋንጫዋ ተሰቅላለች።

"ነገውኑ ዕቃችንን ይዘን እንወርዳለን" አለች። "ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኔ ዛሬም ያንን ቪዲዮ እያየሁ አጨበጭብ ነበር። ውለታዎን በምን እንደምመልሰው አላውቅም።"

"ምስጋናውን ለእናትሽ" አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አድርገው። "እኔስ ቤቴን ታውቂዋለሽ። ደረጃውን ከታች አይተው የተመለሱትን ግን ማን ያውቃቸዋል?"

ልጅቷ ተነሳች። ጃኬታቸውን ከመስቀያው አውርዳ፣ ለማልበስ እጅጌውን ዘርግታ ያዘችላቸው።

"ይነሱ፣ ጋሼ። ቀስ ብለን ቅር ያላቸው ዘንድ እንሂድ።"