የሠርጉን ቪዲዮ ላገቱት ሽማግሌ ላክን

እንደ እኛ ሰውን የሚጠረጥር፣ ነጻ ነገርን ግን የማይጠረጥር ሕዝብ በዚህች ምድር ላይ የለም! እስቲ ዋሽተሃል በሉኝ። ቤት ሊከራይ የመጣን ሰው «የማን ልጅ ነህ? ከወዴት ነህ? ተያዥ አለህ?» እያልን እስከ ቅድመ አያቱ እንቆፍራለን። አጥራችን ላይ እሾህ እንከምራለን፤ በራችን ላይ ጓጉንቸር እናንጠለጥላለን፤ ደጃችን ላይ ውሻ እናሳድራለን። ከዚያ አንድ የማናውቀው ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣና «ነጻ ነው» ይለናል። በቃ! ጎንበስ ብለን በገዛ እጃችን እንሰካዋለን።

«እንሰካዋለን» ያልኩት ለይሉኝታ ነው። የሰካሁት እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ የቪዲዮ ቤት አለችኝ። ወግ መጻፍ ሆድ ስለማይሞላ ሠርግ እቀርጻለሁ። ሰሊጡ ተሽጦ ጥር ሲገባ ቆላው ሁሉ ይዳራል። ያኔ የእኔን ደጅ ብታዩት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላችኋል፤ «ነገ ተመለሱ» እያለ የሚያመላልሰውም ሰው አልጠፋም፤ እኔው አለሁ።

ዘንድሮ ከቀረጽኳቸው ሁሉ የሚበልጠው የአቶ ይርጋ ልጅ ሠርግ ነበር። አቶ ይርጋ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከትራክተራቸው የማያንስ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ የአንድያ ልጃቸው ሠርግ ሲቃረብ «ዘመዶቼን ሳልይዝ ልጄን አልድርም!» ብለው ወደ ገለጉ ሄዱ። እሳቸው ሄዱ፣ መንገዱ ከኋላቸው ተዘጋ። ለምን ተዘጋ አትበሉኝ... በእኛ በኩል መንገድ ሲዘጋ ምክንያት የሚጠይቅ እንግዳ ሰው ብቻ ነው። በሬው ታርዷል፤ ጠላው ደርሷል፤ የወንዱ ወገን ከአብደራፊ መጥቶ ደጅ ቆሟል። ዘመድ ሊጠሩ የሄዱት እናት ከነዘመዶቻቸው ገለጉ ቀሩ፣ ልጅቱ ያለ እናት ተዳረች።

መንገዱ ሲከፈት እትዬ ጥሩዬ መጡ። ልጅቱ ግን ከባሏ ጋር አብደራፊ ገብታለች። ከመኪና እንደወረዱ፣ ቤታቸው እንኳ ሳይደርሱ፣ ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠሉ እኔ ዘንድ ከች አሉ።

«ልጄን አሳየኝ።»

«ገና እያሳመርኩት ነው እትዬ፤ ነገ ይደርሳል።»

«ነገማ መንገዱ ይዘጋል» አሉና ቁጭ አሉ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እየመጡ የደንበኛ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አይቆጡም፣ አይጨቀጭቁም፤ ዝም ብለው የኮምፒውተሩን ጀርባ ያያሉ። አንድ ቀን ብቻ «ስትወጣ ከፍቷት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ደስ ብሏት ነው የወጣችው» አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴን በሉት።

እናም «ለእኚህ እናትማ አበባ የሚበርበት፣ ልብ የሚፈነዳበት ቪዲዮ ይገባቸዋል» አልኩ። የነበረኝ የቪዲዮ ማሳመሪያ ፕሮግራም ሥራውን በደንብ ይሠራ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! ሻይ ቤት ያገኘሁት አንድ ሰው ከኪሱ ፍላሽ አወጣና «አዲሱን ፕሮግራም እንካ፤ ክራክ የተደረገ፣ መክፈያው የተሰበረለት ነው፣ ነጻ» አለኝ። «ብቻ ስትጭነው መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋው፤ ያስቸግርሃል።» ልብ በሉ! አንድ የማታውቁት ሰው በራችሁ ላይ ቆሞ «ልገባ ነው፣ መጀመሪያ ውሻህን እሰርልኝ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። አንቲቫይረሱን አጠፋሁ፤ ፕሮግራሙን ጫንኩ፤ አመስግኜም ተኛሁ።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ፋይሎቹ ሁሉ ስማቸው ተለውጧል። ሙሽራዋን ብነካ አትከፈትም፤ ሚዜዎቹን ብነካ አይከፈቱም። መሐል ላይ ቀይ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተገትሯል፦ ፋይሎችህ በሙሉ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ እኛ ዘንድ ነው፤ ከፍለህ አስለቅቅ፤ ከዘገየህ ይጨምራል። ከታች ደግሞ ትሕትናቸው! ለመተማመኛ አንዲት ትንሽ ፋይል በነጻ እንፈታልሃለን... ነጻ! ደንግጬ አንቲቫይረሱን መልሼ ባበራው ማስጠንቀቂያውን ያዥጎደጉደው ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ሌላ ቅጂ አልነበረህም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ እንጂ! እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ! እሱም አብሮ ተቆልፏል። የካሜራውን ካርድማ አጥፍቼ የአንድ ባለሀብት አዲስ ትራክተር ሲመረቅ ቀርጬበታለሁ።

አቶ ይርጋ የገቡት ይኼኔ ነው።

«ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለሳ?»

«ቪዲዮው ታገተ ጋሼ። በኢንተርኔት የሚሠሩ ሌቦች ቆልፈውታል።»

«ይከፈለን ብለዋል?»

«ብለዋል።»

«ቀን ቆርጠዋል?»

«ቆርጠዋል።»

«ከዘገየ እንጨምራለን ብለዋላ?»

«እንዴት አወቁ?»

«እንዴት አወቁ ይለኛል! አንተ የየት አገር ሰው ነህ?»

እውነታቸውን ነው። እነዚያ ሌቦች አዲስ ነገር ያመጡልን መስሏቸዋል። ወንድሞቼ፣ እናንተ ኮምፒውተር ሳትነኩ እኛ እዚህ ሰው ሲታገትብን፣ ስንለምን፣ ስናዋጣ ኖረናል! መኪና የሚሳፈር ሰው ከስንቁ ጋር «ብያዝ ለማን ይደወላል?» የሚለውንም አስቦ ነው የሚወጣው። የምቀልድ መስሏችሁ እንዳትስቁ፤ ይኸኛው አያስቅም።

ሌላ አገር ይህ ሲደርስ ባለሙያ ይጠራል። አቶ ይርጋ ግን «አጋች አጋች ነው፤ በእንግሊዝኛም ይሁን በጥይት!» አሉና እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ላኩ። ቄስ ሞገስና ሐጂ ሙሳ መጡ። ሁለቱ ስንቱን ከጫካ በምላሳቸው ያስወጡ፣ የተከበሩ አስታራቂዎች ናቸው። ዱላቸውን ጥግ አስደግፈው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

«በመጀመሪያ» አሉ ሐጂ ሙሳ፣ «በሕይወት መኖሯን ያሳዩን። ሳናይ አንነጋገርም።»

ያቺ በነጻ የምትፈታው ፋይል ለካ ለዚህ ኖራለች! ትንሽ መሆን ስላለባት ፎቶ እንላክ ተባለ። የትኛውን ፎቶ? እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሽማግሌ አስፈለጋቸው።

«እኔ ሙሽሮቹን ስመርቅ ያለው ይላክ» አሉ ቄስ ሞገስ።

«አንቱ በየሠርጉ አሉ እኮ! እኔ ጋቢ ሳለብሳቸው ያለው ይሻላል።»

ቄሱ አሸነፉ። ፎቶው ተልኮ ተፈትቶ ተመለሰ፤ ምርቃቱ አንድም ሳይጎድል። ሐጂ ሙሳ «ለመሆኑ የእኔም አለ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» እያሉ ትንሽ ቅር አላቸው። ከዚያ ደብዳቤው ተጀመረ።

«ጻፍ» አሉኝ ቄስ ሞገስ። «ለማናውቃችሁ ልጆቻችን፤ እንደምን ከረማችሁ? እኛ በቸሩ አምላክ ፈቃድ...»

«አባ፣ በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው፤ እንዲህ ያለ ሰላምታ የለውም።»

«እንዲኖረው አድርግ! እናንተም እናት አላችሁ በል። እኛ በመካከል ገብተናል፤ ነገሩ በእርቅ ይለቅ በል። እንቢ ካሉ እንደምገዝታቸውም ጨምርበት።»

ጻፍኩ። ኔትወርኩ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ... ከሰዓት በኋላ መልስ ገባ። «እነማን ናችሁ? ፖሊስ ናችሁ?» ይላል።

«እኛን ፖሊስ!» አሉ ሐጂ ሙሳ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ወላሂ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም!»

ሽማግሌ መሆናችንን፣ በመካከል መግባታችንን አስረዳን። ሌቦቹ ተመካከሩ መሰለኝ ቆዩና «ገባን፤ ደላሎች ናችሁ። ለደላሎቹ ስንል ግማሹን ቀንሰናል» አሉ።

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ! «ኻላስ! ግማሹን አስቀነስን!» አሉ ሐጂ ሙሳ። «ደላላ» መባላቸውን በደስታው መሐል ማንም ልብ አላለውም። አቶ ይርጋ ስልካቸውን አወጡ፤ ዱባይ ያለ የአክስታቸው ልጅ ከፍሎ ሊጨርሰው ነው።

«ምንድን ነው የሚከፈለው?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ያን ቀን ማለዳ ሳይመጡ የቀሩት እትዬ ጥሩዬ ቆመዋል። አልደበቅናቸውም፤ ሁሉን ነገርናቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ማንም አይከፍልም» አሉ።

«ጥሩዬ! የልጅሽን ሠርግ ሳታይ መቅረትሽ ነው እኮ!» አሉ አቶ ይርጋ።

«ወንድሜን ከፍለን አስለቀቅን፤ እሰይ ብለን ጨፈርን። ዓመት ሳይሞላ ማንን ነበር መልሰው የወሰዱት? እሱኑ! ከፋይ ነዋ! በዚህ ገንዘብ ነገ የሌላዋን ነው የሚያግቱት። እኔ ልጄን አይ ብዬ ሌላ እናት አላስለቅስም።»

ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ፈለጉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ያኔ ነው ጎንደር ኮምፒውተር የምትጠግን ሰብለ የምትባል ባለሙያ ትዝ ያለችኝ። ከመጀመሪያው ልትታወሰኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሐኪም የሚጠራው ጠንቋዩ ካልቻለ በኋላ አይደል? ደወልኩላት።

«ሽማግሌ... ምን? ሽማግሌ ላካችሁ?» ብላ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። «ኢንተርኔቱን አሁኑኑ ንቀል። ምንም ፍላሽ አትሰካበት። የተቆለፉትን አትሰርዛቸው፤ እኔ ለብቻ አስቀምጥልሃለሁ፤ የእነዚህን ሌቦች መፍቻ አንድ ቀን ባለሙያዎች በነጻ ይለቁት ይሆናል።»

«በነጻ?»

«አንተ ነጻ ነገር እንዳትነካ! እኔ ከትክክለኛው ቦታ አየዋለሁ።»

አየችው፤ ለዚህኛው ገና መፍቻ አልተገኘም። «ቫይረሱን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ዲስኩን ጠርጌ ሲስተሙን እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። ጭንቁ ፋይሉ ነው። የካሜራው ካርድስ?»

«አጥፍቼ የትራክተር ምርቃት ቀርጬበታለሁ።»

«ብዙ ነው የቀረጽከው?»

«ባለሀብቱ ንግግር አድርጓል...»

«እግዚኦ! ካርዱን አውጣና እንዳትነካው። ከካርድ ላይ የተሰረዘ ነገር ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው ያለው። ይዘህልኝ ና።»

ኮምፒውተሩን ታቅፌ፣ ካርዱን ደረት ኪሴ ከትቼ ጎንደር ወጣሁ። ሰብለ በንጹሕ ኮምፒውተር ካርዱን ስትፈትሽ አጠገቧ ተቀምጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደረስኩ፤ የሐጂ ሙሳንም ጨምሬበታለሁ። መጀመሪያው አልተገኘም። ሙሽራው ደጅ ሊደርስ ሲል ትራክተር ይመጣና ባለሀብቱ ስለ ልማት ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ተመለሰ! ያልተቆረጠ፣ ያልተቀባባ፣ አበባ የማይበርበት።

ገንዳ ውሃ ስመለስ ሁሉም ቪዲዮ ቤቴ ተሰበሰቡ። እትዬ ጥሩዬ ከፊት ተቀመጡ። ቪዲዮው ሄደ፣ ሄደና ልጅቱ ከቤት የምትወጣበት ጋ ደረሰ። ቬሏን እንደለበሰች ወንበሩን ጨብጣ አልነሳም ብላለች። ዓይኗ ከውጭ በሩ ላይ አልተነቀለም። «እማዬ ትመጣለች፤ ትንሽ ጠብቁኝ» ትላለች። ሚዜዎቹ ይለምኗታል፤ እሷ በሩን ታያለች። አቶ ይርጋ «ለቅሶ ለሠርግ አይሆንም፣ ቁረጠው» ብለውኝ ከተዋበው ቪዲዮ ላይ የቆረጥኩት ይህንን ነበር።

«ጠብቃኛለች» አሉ እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ልጄ እኮ ጠብቃኛለች...»

አለቀስኩ። ቄስ ሞገስም ሐጂ ሙሳም በየጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሌቦቹ የቆለፉት ያሽሞነሞንኩትን ነበር፤ ይህንን ከእናትየው የቆለፍነው እኔና አቶ ይርጋ ነበርን።

ቪዲዮው ግን ገና አላቆመም። ያልተቆረጠ ነው ብያችኋለሁ። የአቶ ይርጋ ድምፅ ከኮምፒውተሩ ወጣ፦ «ተነሽ ልጄ! እናትሽ ብትኖር እስካሁን ከአማቾችሽ ተጣልታ ሠርጉን አፍርሳው ነበር። እንኳንም መንገዱ ተዘጋ!»

ሐጂ ሙሳ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«እስቲ መልሰው» አሉ እትዬ ጥሩዬ እንባቸውን እየጠረጉ።

መለስኩት።

«ድምፁን ጨምርበትማ።»

ጨመርኩበት። አቶ ይርጋ «ዛሬ መብራት አይሄድም እንዴ?» አሉ በቀስታ። ሲያስፈልግ አይሄድም! ባልና ሚስቱ እንዴት እንደታረቁ አልነግራችሁም፤ ሽማግሌዎቹ ከሌቦቹ ያስቀነሱትን ያህል ከእትዬ ጥሩዬ አላስቀነሱም።

እኔም ተምሬያለሁ። ዛሬ የማንኛውም ሠርግ ቅጂ አንዱ ኮምፒውተሬ ላይ፣ አንዱ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ጎንደር ሰብለ ዘንድ ነው። የዚህኛው ሠርግ ግን ተጨማሪ ቅጂ አለው፤ በእትዬ ጥሩዬ መቀነት ተቋጥሮ ይኖራል። እዚያ የሚደርስ የኢንተርኔት ሌባ አልተፈጠረም። አቶ ይርጋ ግን እየሞከሩ ነው አሉ!