ኢኮኖሚክስን እንደ ቀይ በሬ

ለተማሪ ምክር የሚሰጡ ሰዎችን ሁሉ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ... አንዳቸውም ቅጽ ሞልተው አያውቁም! እኔ ግን ሞልቻለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ ማትሪክ አልፋችሁ የንግድ ትምህርት ልትመርጡ እስክሪብቶ ያነሳችሁ ሁሉ፣ ቀለሙ ወረቀቱን ሳይነካ አንዴ ስሙኝ።

የምፈልገው ኢኮኖሚክስ ነበር። ለምን ብትሉ፣ ያው አንድ ማሽላ ጎረቤታችን ዋጃ ላይ ረክሶ እኛ ቆቦ ሲደርስ ለምን እንደሚወደድ ከልጅነቴ ጀምሬ ስጠይቅ መልስ ያገኘሁበት ጊዜ የለም። አባቴን ብጠይቀው «መንገድ አድክሞት ይሆናላ» ይለኛል። ቀበሌ ውይይት ክበብ ላይ ብጠይቅ ደግሞ «ጓዲት፣ የአድኃሪ ነጋዴዎች ሴራ ነው» ተባልኩ። ነጋዴ ከተባለ አባቴም የከብት ነጋዴ ነውና ሁለተኛ እዚያ አልጠየቅሁም።

ቅጹ ሦስት ክፍት ቦታ አለው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ምርጫ። እየዘለልኩ ይዤው ቤት ስገባ አባቴ ከደላላ ባልንጀራው ከአያ ሰይድ ጋር ተቀምጧል።

«አንደኛው ላይ ምን ልትጽፊ ነው?» አለኝ።

«ኢኮኖሚክስ ነዋ!»

ሁለቱም ክው አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ?»

«የፈለጉትን እንዲህ ፊት ለፊት!» አለ አያ ሰይድ። «ወላሂ አንቺ ገበያ ብትወጪ፣ በሁለት በሬ ዋጋ አንድ ጥጃ ይዘሽ ነው የምትገቢ!»

ቆቦ ከብት ተራ ቆማችሁ የማታውቁ ካላችሁ ነገሩን ላስረዳ። አባቴ ቀዩን በሬ ከፈለገ ቀዩን ቀና ብሎም አያየው። ቀጥ ብሎ የዚያው ሻጭ ጥቁሩ በሬ ጋ ይሄዳል። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ ትቶት ይሄዳል። ከዚያ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው ዞር ብሎ «ይኼ ቀዩስ... እንዲያው ምን ይላል?» ይላል። ሻጩም ጨርሶ ባዶ እጁን ከሚመለስ ብሎ ይቀንስለታል።

እናቴ ከጓዳ ሰምታ «ኧረ ሰው የሚወደውን ይጽፋል! ወረቀት በሬ ነው እንዴ?» አለች።

«አንቺ ገበያ አታውቂም» አላት አባቴ።

እኔስ? ማትሪክ ያለፍኩት እኔ... አመንኩ! አትፍረዱብኝ። ከእኔ በፊት በነበረው ዓመት ሕክምናን አንደኛ ብሎ የሞላ ጎበዝ የሰፈራችን ልጅ ግብርና ተመድቦ፣ ሰፈሩ በሙሉ «መንግሥት የጠየቁትን አይሰጥም» ብሎ ደምድሟል። ስለዚህ አንደኛ ምርጫ ላይ በደማቁ «ሴክሬታሪያል ሳይንስ» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ የጽሕፈት መኪና የማውቀው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት መስኮት አሻግሬ በማየት ብቻ ነበር! ሁለተኛ ማኔጅመንት። ሦስተኛው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ግድ እንደሌላት ሰው፣ «ኢኮኖሚክስ»።

አያ ሰይድ ቅጹን ገልብጦ ይዞ በጥሞና አየውና «ማሻ አላህ! ማንም አይጠረጥር» አለ።

ምደባው መጣ። «በመረጡት አንደኛ ምርጫ መሠረት...»

የጠየቀችውን የተሰጣት የመጀመሪያዋ የቆቦ ልጅ እኔ ሳልሆን አልቀርም!

አባቴ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበበኝ። «ምንም ሳይከራከሩ ሰጡሽ?»

«ምንም ሳይከራከሩ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያስ በሬው አንድ ነገር አለበት።»

አዲስ አበባ ገባሁ። የጽሕፈት መኪናውን ፊደላት በጨርቅ ሸፍነው «ሳታዩ ምቱ» ይሉናል። ጣቴ አበጠ። እያለቀስኩም ቢሆን መታሁ። ውዬ ሳድር ግን አንድ ተስፋ ታየኝ፦ ወደ ኢኮኖሚክስ እንዲያዛውሩኝ ማመልከቻ መጻፍ! በዚህኛው ላይ ማሳሳት የለም፤ ቀዩን በሬ ቀንዱን ይዤ ጠየቅሁ። በጽሕፈት መኪና ሦስት ቀን መታሁት። አንዲት ፊደል ከተሳሳትኩ ቀድጄ እንደገና። ኅዳጉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ጓዲት፣ ይህን ማን ጻፈልሽ?»

«እኔው ራሴ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«አንድ ስርዝ የለው፣ አንድ ድልዝ የለው!» ብለው አጠገባቸው ላሉት አሳዩ። ሁሉም አደነቁ። እኔ በልቤ ኢኮኖሚክስ ክፍል ገብቼ ወንበር መርጬ ተቀምጫለሁ።

«እንዲህ ያለ ጣትማ ለኢኮኖሚክስ አንሰጥም» አሉና ጥጉ ላይ በቀይ ጻፉበት፦ «ለሌሎች ተማሪዎች አርአያ እንዲሆን ይለጠፍ።»

ተለጠፈ! ከዚህ ክፍል አውጡኝ ያልኩበት ወረቀት ይኸው በክፍሉ በር ላይ ተሰቅሎ ገቢ ወጪው ያደንቀዋል።

እናም ተማሪዎች ሆይ፣ እናቴን ስሙ፤ የምትወዱትን አንደኛ ላይ ጻፉ። ለዝውውር ካመለከታችሁ ደግሞ ሥራችሁን አታሳምሩ። እኔ ሁለተኛውን ማመልከቻ ትናንት አስገብቻለሁ። ሦስት ስርዝ፣ አራት ድልዝ፣ ጥግ ላይ የቀለም አሻራ አለው። የመጀመሪያውን ለማሳመር ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር... ይህን ለማበላሸት ግን ጣቴ እምቢ ብሎኝ ድፍን ሳምንት ፈጀብኝ!